ከጎንደር እስከ መተማ፤ ለባልና ሚስት የሦስት ቀን ጉዞ መመሪያ

ባልና ሚስት የዕለት ተግባራቸውን ለጥቂት ቀን አቁመው፣ በአንድ መኪና ተቀምጠው፣ ጥንታውያን ከተሞችን እየጎበኙ መመለሳቸው በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። በስፔን አገር ከማድሪድ የሚነሡ ጥንዶች ሮማውያን የሠሩትን የውሃ መተላለፊያ በሴጎቪያ፣ የመካከለኛውን ዘመን የከተማ ቅጥር በአቪላ፣ የክርስቲያኑንና የእስላሙን የአይሁዱንም ቅርስ ጎን ለጎን በቶሌዶ አይተው በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኛም ከዚህ የማያንስ፣ በታሪኩ ጥልቀት በማንም የማያስቀና መንገድ በአገራችን አለን፤ ይኸውም ከጎንደር ተነሥቶ፣ በአዘዞና በጭልጋ አልፎ፣ የምዕራብ ጎንደርን ቆላ አቋርጦ፣ ከሱዳን ጠረፍ መተማ ዮሐንስ ላይ የሚቆመው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጎዳና ነው።

ይህን መንገድ የሚያውቅ ሹፌር ከጧት እስከ ቀትር ሊጨርሰው ይችላል፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ስጡት እላለሁ። ምክንያቴም የመንገዱ ቅደም ተከተል የታሪኩም ቅደም ተከተል ስለ ሆነ ነው። የተቃጠለችውን ጎንደርን በልቡናው ሳይዝ መተማ የደረሰ መንገደኛ አንድ የሞቀ የጠረፍ ገበያ አይቶ ይመለሳል፤ ጎንደርን አይቶ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወርዶ የደረሰ ግን አንድ ንጉሠ ነገሥት ከደጋው ተነሥቶ እስከዚያ ሜዳ ድረስ ለምን እንደ ወረደ ይገባዋል። መመሪያዬን ሁሉ የሠራሁት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት የሚዘጋጀው

አንደኛ፤ ወቅቱን ምረጡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ብርድና ሐሩር ይጠብቋችኋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይዘልቃል፤ በክረምት ደግሞ ከአስፋልቱ የወጣ መኪና በጥቁሩ ዋልካ መሬት ተውጦ ይቀራል። የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው፤ በኅዳር መጀመሪያ ከወረዳችሁም ሰሊጡ ሲታጨድና በሜዳው ላይ በነዶ ቆሞ ሲደርቅ፣ ከየአገሩ ለሥራ የመጡት፣ በቆላው ቋንቋ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች በየእርሻው ሲደክሙ ታያላችሁ። በጥምቀት ሰሞን የምትሄዱ ብትሆኑ ጎንደር በምእመናንና በእንግዳ ስለምትሞላ ማደሪያችሁን አስቀድማችሁ ያዙ።

ሁለተኛ፤ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ይህ አገር የጠረፍ አገር ነው፤ በቅርብ ዓመታትም ብዙ መከራ ስላገኘው በትናንት ወሬ ላይ ተመሥርቶ መነሣት አይገባም። በጎንደር መናኸሪያ ያሉትን የመተማ መስመር ሹፌሮች፣ ቀጥሎም የጸጥታ ባለ ሥልጣኖችን በመነሻችሁ ዋዜማ ጠይቃችሁ፣ ሁለቱም ወገኖች መንገዱ ደኅና ነው ካሏችሁ ብቻ ሂዱ፤ ካላሉ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ጥበብ እንጂ ፍርሃት አይደለም። ከሄዳችሁም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከማደሪያችሁ ግቡ።

ሦስተኛ፤ መኪናችሁን አስመርምሩ። ቁልቁለቱ ረጅም ስለ ሆነ ፍሬኑ፣ ሙቀቱ ከባድ ስለ ሆነ ራዲያተሩ በባለሙያ ይታይ፤ ተቀያሪ ጎማ ከነክሪኩ፣ ለመኪናውም ለእናንተም የሚበቃ ውሃ ይጫን፤ ነዳጁም ጎንደር ላይ ይሞላ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን፣ የሁለታችሁም መታወቂያ በየኬላው ስለሚጠየቅ በአንድ ቦርሳ ሰብስባችሁ ከእጃችሁ አታርቁት።

አራተኛ፤ ስለ ጤናችሁ አስቡ። ወባ የዚህ አገር የቆየ ጠላት ነው፤ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከመመሥረቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው መፍጀቱ ይታወሳል። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ፤ አጎበርም ያዙ። ከወባ ሌላ በቆላው ካላ አዛር የሚባል በሽታ አለ፤ የሚያስተላልፈውም በዓይን የማይሞላ የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ መኖሪያውን በተሰነጣጠቀው ዋልካና በግራር ሥር አድርጎ በማታና በሌሊት ስለሚነድፍ፣ ጥላው ደስ አሰኝቷችሁ በሜዳ ላይ እንዳታድሩ። ሚስትም ባልም ከቤታችሁ ተመልሳችሁ ረዘም ያለ ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ በቅድሚያ የምትነግሩት ቃል መተማ ወርደን ነበር የሚለው ይሁን።

የመጀመሪያው ቀን፤ ጎንደር

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቈረቈሯት ጎንደር ብዙ የሚታይ ስላላት ሁሉን በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር ሁሉን ማጣት ይሆናል። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ቦታዎች ናቸው።

ጧት በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከፋሲል ግቢ ጀምሩ። በግቢው ውስጥ ከአንዱ ንጉሥ አዳራሽ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ እያንዳንዱ ንጉሥ ከአባቱ ቤት አጠገብ የራሱን ቤት እንዴት እንዳቆመ አስተውሉ፤ ይህች ከተማ በቅብብሎሽ የተሠራች ከተማ ናትና።

ከቀትር በፊት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተው ይህ ቤተ ክርስቲያን ጣራው በኪሩቤል ፊት ተሥሎ ወደ ላይ የሚያይን ሁሉ በዓይን የሚቀበል ነው። እንደ ሥርዓቱ ጫማችሁን አውልቁ፤ ሚስት ነጠላዋን ትከናነብ፤ የወንድና የሴት መቆሚያው ልዩ ስለ ሆነም በቅዳሴ ሰዓት ብትደርሱ ተለያይታችሁ ቆማችሁ በኋላ በዐፀዱ ተገናኙ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር በልቡናችሁ ያዙ። የመጀመሪያው፣ በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውሃ ድል ከሆኑ በኋላ በሐምዳን አቡ አንጋ የሚመሩት ድርቡሾች፣ ማለት የሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ይህ መቅደስ መትረፉ ነው፤ በአገሩ ትውፊት ያዳኑት ከዐፀዱ የወጡ ንቦች ናቸው። ሁለተኛው የዕጣኑ መዓዛ ነው፤ ካህኑ ጽናሐውን ሲያወዛውዝ የሚወጣው ጢስ ከየት አገር ዛፍ እንደሚፈልቅ በሦስተኛው ቀን ታያላችሁና መዓዛውን አስታውሱት።

ማታውን ለቁስቋም ስጡት። ይህን ደብርና ከአጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ትውልዳቸው ከቋራ፣ ነገ ከምትወርዱበት ቆላ ወገን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ በጽኑ ታመው በአንድ ቤት ተኝተው ሳሉ ያስታመመቻቸው የዚያ ቤት ልጅ በኋላ ሚስታቸው፣ ከርሳቸውም ሞት በኋላ የልጃቸው የሁለተኛው ዐፄ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ ባለ ሥልጣን ሆነች። እናንተም ባልና ሚስት ናችሁና በፈረሰው ግንብ ሥር ተቀምጣችሁ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ወደ ቋራ አቅጣጫ እያያችሁ፣ ይህን ታሪክ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ንገሩት። ከዚያ በጊዜ ተኙ።

ሁለተኛው ቀን፤ ከአዘዞ እስከ ገንዳ ውሃ

በ12 ሰዓት ጧት ተነሡ። የመጀመሪያው መቆሚያችሁ ከጎንደር ደጃፍ ያለችው አዘዞ ናት፤ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት እዚህ ነው። እኒህን ንጉሥ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት የሳቧቸው ዋናው ሰው ከስፔን ተወልዶ በ1595 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነበር፤ እርሱም በጣና ዳር በጎርጎራ በ1614 ዓ.ም. ሞተ። የሃይማኖቱ ለውጥ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ ልጃቸው ፋሲለደስ የቀድሞውን እምነት መልሰው ጎንደርን እንደ ቈረቈሩ ካሰባችሁ፣ ትናንት ያያችኋት ከተማ የተወለደችው ከዛሬው የመጀመሪያ መቆሚያችሁ ጠብ ውስጥ መሆኑ ይታያችኋል።

ከአዘዞ መንገዱ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የጭልጋ ዋና ከተማ አይከል ትደርሳላችሁ፤ ቁርሳችሁን እዚህ ብሉ፤ ከዚህ ወዲያ ደጋው ያልቃልና። ጭልጋ የቅማንት ሕዝብ ጥንታዊ አገር ስትሆን፣ ከሱዳን ሰናር ወደ ጎንደር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ሁሉ የሚያልፍባት በር ነበረች። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ተጠርቶ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚሁ በሰናር በኩል ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰናር ሲመለስ የዛሬውን የመተማን ወገን፣ በዚያ ዘመን ራስ ፊል የሚባለውን አገር፣ አቋርጦ አልፏል። ምድሩ ራሱ ደግሞ ከሰው ታሪክ የበለጠ ጥንታዊ ምስክር ይዟል፤ በጭልጋ የተቈፈረው ደለል 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚሆነውን የዝሆን ቀደምት ዘመዶች አፅም ለሊቃውንት አስረክቧል።

ከአይከል ስትወጡ ቁልቁለቱ ይጀመራል፤ ስለዚህ አንድ ሕግ ጠብቁ። መኪናውን በፍሬን ብቻ አትያዙት፤ ዝቅ ባለ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው አድርጉ፤ ፍሬኑ መሽተት ከጀመረ ሰፋ ካለ ዳር ቁሙና እስኪበርድ ታገሡ። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ውረዱና ተመልከቱ፤ ነፋሱ ተለውጦ፣ ወይራውና ጽዱ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ግራርና ሽመል በየገደሉ ሲበዛ ታያላችሁ። የጓንግ ወንዝ ከዚሁ ከጭልጋ ወገን ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲሄድ በመንገዱ የሚቀበለው የመጨረሻ ገባሩም ይኸው ነው።

በቁልቁለቱ የምታልፏት ነጋዴ ባሕር የምትባለው ከተማ ስሟ ራሱ የሲራራውን ዘመን ያስታውሳል፤ እዚህ ሻይ ጠጥታችሁ ጥቂት ዕረፉ። ከዚያም ሜዳው ይከፈታል። ከጎንደር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ገንዳ ውሃ፣ ብዙ ሰው ሽኸዲ የሚላት፣ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ማደሪያችሁም ይህች ትሁን። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት አጎበር መኖሩንና ማራገቢያው መሥራቱን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ከገንዳ ውሃ ወደ ደቡብ የቋራ አገር ነው፤ በዚያም ከሱዳኑ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ይህ ግን የራሱ ጉዞና ፈቃድ ስለሚፈልግ በዚህ ሦስት ቀን ውስጥ አትጨምሩት። ነገር ግን በማታው ጨዋታችሁ ካሳ ኃይሉን፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን፣ አንሡ፤ በሽፍትነታቸው ዘመን ኃይላቸውን ያበረቱት በዚህ ቆላ ነው። የዘመኑ ኃያል መስፍን የራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ለካሳ የተዳረችው ሽፍታውን በጋብቻ አስሮ ለማስገበር ታስቦ ነበር፤ እርስዋ ግን የወላጆቿን ቤት ክብር ትታ በክፉውም በደጉም የባሏ ወገን ሆነች። ትዳር ከጋብቻ ውል የሚበልጥ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ታሪክ በዚህ መንገድ ላይ የለም።

ሦስተኛው ቀን፤ መተማ ዮሐንስ

ጀንበር ስትወጣ ተነሡ፤ ሐሩሩ ሳይበረታ የምትጨርሱት 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ወይም በመንገዳችሁ የዕጣን ዛፍ ያለበትን ኮረብታ የሚያሳያችሁ የአገሩን ሰው ለምኑ፤ ለድካሙም ዋጋውን ክፈሉት። ዛፉ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ፣ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ ነው፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ሠራተኛው መንጋፍ በሚባለው መሣሪያ ልጡን በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ ነጩ ዕንባ ይፈስሳል፤ በደረቀ ጊዜም ይለቀማል። በጎንደር ያሸተታችሁት የቅዳሴው ጢስ፣ በቤታችሁም ቡና ሲፈላ የሚጤሰው፣ ይህ ነው። ነገር ግን ዛፉ ያለ ዕረፍት ሲቈስል ፍሬው ይደክማል፤ ከሥሩም የሚተካ ችግኝ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንኳን እናንተ አገሬውም ቢሆን ያለ ፈቃድና ያለ ልክ ሊነካው አይገባም። ዕጣን ብትፈልጉ ከገበያ ግዙ። በዚህ ቆላ ያለው የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን እስከ ዛሬ የቆየው መነኮሳቱ ዛፉን እንደ ዐፀደ ገዳም ስለ ጠበቁት ነው፤ ወደ ገዳሙ መሄድ የምታስቡ ብትሆኑ የሴቶችን መግባት ስለሚመለከተው ሥርዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኮኪትን አልፋችሁ መተማ ዮሐንስ ስትገቡ መኪናችሁን አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ከተማይቱ የዐፄ ዮሐንስን ስም የያዘችበት ምክንያት እንዲህ ነው። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተደረገው ውል ንጉሠ ነገሥቱ በድርቡሽ ተከብቦ የነበረውን የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል ለማሳለፍ ተስማሙ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ፤ መተማ ላይ የነበረውም ጦር በዚህ ውል ተረፈ። የዚህ ወሮታ ግን የድርቡሽ ጠላትነት ሆነ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው ለእርቅ ጽፈው እሺ ሳይባሉ በመቅረታቸው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የድርቡሹ አዛዥ ዘኪ ቱመል በእሾህ አጥርና በምሽግ ያጠረውን መተማን ከበው ገጠሙ። ሠራዊታቸው አጥሩን ጥሶ ገብቶ፣ ድሉ ሊጨበጥ ሲል፣ ንጉሡ ራሳቸው ከግንባር ተሰልፈው ሲዋጉ በጥይት ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ጦሩ ተበተነ፤ አስከሬኑን ይዘው ያፈገፈጉት ታማኞች በአትባራ ዳር ተደርሶባቸው፣ የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ ሥላሴ ድምፁ ከሬሳው ሳይለዩ ሞቱ፤ የንጉሡም ራስ ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተላከ።

ይህን በስፍራው ቆማችሁ አስቡት። ሜዳው ገበያ፣ ቤትና እርሻ ሆኗል፤ የሚነግራችሁ ድንጋይ ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ ጎንደርን አይታችሁ መጥታችኋልና ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ጥቂት ዝም ብሎ መቆም በቂ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ጦርነት ደግሞ እዚሁ ተደርጓል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ብርጋዴር ስሊም የሚመራው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ ከማዶ ያለችውን ገላባትን ከኢጣልያኖች እጅ ቢያስለቅቅም መተማን መያዝ አልቻለም ነበር። ኢጣልያኖች በጥር ወር መጨረሻ ለቀው ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ እናንተ ትናንት በደስታ የወረዳችሁበትን ጎዳና በፈንጂ ሞሉት፤ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኮንን የሚጓዝበት ተሽከርካሪ ከአንድ ጊዜ በላይ እየፈነዳበት፣ ጆሮው እየተጎዳ፣ በአራት ቀን በ55 ማይል ላይ የተቀበሩ 15 የፈንጂ መስኮችን አጸዳና የቪክቶሪያን መስቀል ተሸለመ። ጎንደር ነፃ የወጣችው ከዚያ በኋላ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ቀትር ሳይደርስ ከገበያው ዳር ተቀምጣችሁ ፉል ብሉ፤ በሱዳን ወገን የተለመደውን በዝንጅብል የተፈላውን ቡናም ቅመሱ። አማርኛውና ዓረብኛው፣ ጉሙዝኛውም በአንድ ገበያ ላይ የሚሰማበት ቦታ ነውና ሰላምታችሁን በትሕትና ስጡ። ኬላውን፣ ድልድዩንና ወታደሩን ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ፓስፖርትና ቪዛ ከሌላችሁ ከጠረፉ ድንበር አትለፉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ሺህ ስደተኛ በዚህ በር ስለ ገባ የተቸገረ ሰው ታዩ ይሆናል፤ ችግሩን ለትርኢት አትቅረጹት፤ የምትችሉትን ስጡ።

መመለሻው

ከመተማ እስከ 7 ሰዓት ተነሥታችሁ ጎንደር በቀን ግቡ። ዐቀበቱ ሞተሩን ስለሚያሞቅ የሙቀቱን መለኪያ ተመልከቱ፤ ቢበዛ ቆማችሁ አብርዱት፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን በትኩሱ አትክፈቱ። ሹፌሩ ሲደክመው ሌላው ይተካ፤ መንዳት የሚችል አንዱ ብቻ ከሆነም ሌላው ሳይተኛ ያጫውተው።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ጉዞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሦስት ቀን፣ ደኅና መኪናና ሰላም ነው። ሰላሙ ሲገኝ ቀኑን አትንፈጉት። ተመልሳችሁም ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ አባቱና እናቱ የመተማን ሜዳ አብረው የቆሙበት ልጅ መጋቢት 1 ቀን ምን ቀን እንደ ሆነ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቃልና።